በውሰት ቤት የጠጣነው ማኅበር

«እንደ ቤቴ እኖራለሁ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም» ይባላል። ውሸት ነው። ይህን ተረት ከልቡ የኖረበት ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ተረቱን የሚወዱት ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ ቤታቸው ከጎረቤታቸው ቤት ይሰፋል። ሁለተኞቹ ደግሞ ጎረቤታቸውን ሲያዩ ውለው ማታ በተረቱ ይጽናናሉ። እኔ ለብዙ ዓመት ከሁለተኞቹ ነበርኩ። እንዲያውም ተረቱን በካርቶን ላይ ጽፌ ሱቄ ግድግዳ ላይ ሰቅዬው ነበር። ከሥሩ ተቀምጬ ማን መኪና እንደ ለወጠ፣ ማን ፎቅ እንደ ጀመረ፣ ማን ልጁን የት እንደሚያስተምር አንድ ሳይቀር አውቅ ነበር።

መርካቶ፣ ሰባተኛ አካባቢ የልብስ ቁልፍ፣ ክርና ዚፕ እሸጣለሁ። አባቴም እዚያው ሱቅ ውስጥ ቁልፍ፣ ክርና ዚፕ ይሸጥ ነበር። በመርካቶ ደንብ ይህ ነውር ሊባል ምንም አልቀረው። አንድ ነጋዴ በሃያ ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ ዕቃ መለወጥ፣ አንዴ ማስመጣት፣ አንዴ ደግሞ በደንብ መክሰር አለበት። እኔ ሦስቱንም አላደረግኩም። ደንበኞቼ ልብስ ሰፊዎች ናቸው። እነሱ ቁልፍ በጣታቸው ሲያገላብጡ እኔ መጽሐፌን አነባለሁ፤ መርጠው ሲጨርሱ ይጠሩኛል። በዚህ ኑሮ ደስተኛ ነኝ እል ነበር። እውነትም ነኝ፤ ወሩ ሃያ አራት እስኪል ድረስ።

በወሩ ሃያ አራት የተክለ ሃይማኖት ማኅበር አለን። ያቋቋሙት አባቶቻችን ናቸው፤ ከጎጃም፣ ከጎንደርና ከሸዋ መጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ የሰፈሩ ነጋዴዎች። አባት ሲሞት ወንበሩ ለልጅ ይተላለፋል፣ እኔም የተቀመጥኩት በአባቴ ቦታ ነው። አሥራ ሁለት ነን፤ ስለዚህ ለእያንዳንዳችን ተራ በዓመት አንዴ ይደርሳል። በጨርቅ የተሸፈነ የሸክላ ጽዋ አለን። የወሩ ደጋሽ ሲጨርስ ጽዋውን ለሚቀጥለው ባለ ተራ ያስረክባል፣ ባለ ተራውም እስከ ቀኑ ድረስ ያስቀምጠዋል። ደንቡ አጭር ነው፤ ድፎ ዳቦ፣ ጠላ፣ ንፍሮ። ከዚያ በላይ ያቀረበ ይቀጣል። አባቶቻችን ይህን የደነገጉት ቆጣቢ ስለ ነበሩ አይደለም። ግማሾቹ ምንም ስላልነበራቸው ነው፤ የሌለው ሰው ተራው ሲደርስ እንዳይሸሽ።

ደንቡን ያፈረሰው አንድ ሰው ቢሆን እሱን እየረገምን እንኖር ነበር። ሁላችንም ትንሽ ትንሽ ነው ያፈረስነው። አንዱ ልጁ ስለ ተመረቀች ዶሮ ወጥ ጨመረ፤ ምርቃት ነውና ማን ይቀጣዋል። ቀጣዩ የተመረቀ ልጅ ባይኖረውም ያለ ዶሮ መቅረብ ከበደው። ሦስተኛው በግ አረደ። በጾም ቀን እንኳ እናርፋለን ስንል አሥራ አራት ዓይነት በያይነቱ የቀረበበት ወር መጣ። ትሪው ላይ የሚጨመር ሲጠፋ ዓይናችን ወደ ጣሪያው ተነሣ፤ ማን ምን ዓይነት ቤት ውስጥ እንደሚጠራን ማየት ጀመርን።

እኔ ራሴን የምለካው በአንዱ ማኅበርተኛ ነው። እሱና እኔ በአንድ ሳምንት ተወልደን በአንድ ግቢ አደግን። አሁን ሴራሚክ ያስመጣል። እናቴ በሕይወት ሳለች በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ «እኩያህ» ነበር የምትለው። እኩያህ አገባ። እኩያህ መኪና ገዛ። እኩያህ አያት ሰፈር ቤት ሠራ። እናቴ ስታርፍ ሥራውን እኔው ተረከብኩት።

የምኖረው አባቴ ይኖርበት በነበረው ቤት ነው። ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት፣ መጸዳጃው ከስድስት አባወራ ጋር የጋራ። ለአሥራ ሁለት ሰው ወንበር ሲደረደር በሩ አይዘጋም። ስለዚህ ተራዬን ማስተላለፍ ጀመርኩ። አንድ ዓመት «ሚስቴን አሟታል» አልኩ፤ እሷ በዚያው ሰሞን ገበያ ስትወጣ «እግዜር ይማርሽ» የሚላት በዝቶ መተላለፊያ አጣች። በሁለተኛው ዓመት «ጣሪያው እያፈሰሰ ነው» አልኩ። ይኼ እውነት ነበር፣ የተናገርኩት ግን በጥር ነው። ሦስተኛ ምክንያት አይፈቀድም። በደንቡ ሦስት ጊዜ ያስተላለፈ ወንበሩን ይለቃል።

የዛሬ ዓመት ተራዬ ሲመጣ የሚስቴ ወንድም ለሥራ ሐዋሳ ሰንብቶ ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ አፓርታማ አለው፣ ቁልፉን እኛ ዘንድ ትቶታል። ሐሳቤን ለሚስቴ ስነግራት ሽንኩርት መክተፏን አቆመች።

«የሰው ሶፋ ላይ ጠላ ቢደፋ ማን ሊጠየቅ ነው?»

«አይደፋም።»

«ቤቱ የማን ነው ቢሉህስ?»

«አይጠይቁኝም።»

«ቢጠይቁህ ነው ያልኩህ።»

«እንግዲህ ያኔ አያለሁ።»

«እዩልኝ» አለች፣ ማንን እንደ ሆነ ባላውቅም፣ ወደ ሽንኩርቷም ተመለሰች።

ጠየቁኝ። ገና ከበሩ «ጉድ፣ ጉድ» እያሉ ነው የገቡት። እኩያዬ ጎንበስ ብሎ ወለሉን በጣቱ ነካ።

«ይኼ የኔ ዕቃ አይደለም» አለ። «ከማን ወሰድከው?»

«እንጃ፣ ሠራተኞቹ ናቸው የመረጡት።»

«ለሠራተኛ እንዲህ ያለ ነገር ይተዋል? ለኔ አንድ ስልክ ብትደውልልኝ ምናለ? መቼ ገባህ?»

«በቅርቡ» አልኩ። የገባሁት በዋዜማው ነበር።

ቄሱ ባርከው፣ ጽዋው ዞሮ፣ በጉ ተበልቶ (እኔም በግ አርጄ ነበር፣ መሸፋፈን ካልቀረ ብዬ) ሁሉም ነገር ደህና እየሄደ ሳለ የማኅበሩ ሙሴ ተነሡ። ሙሴ የምንለው መሪያችንን ነው። ከአባቶቻችን ዘመን የቀሩልን እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ልጄ፣ እጄን የምታጠብበት ታሳየኝ?»

መጸዳጃ ማለታቸው ነው። ክንዳቸውን ይዤ ኮሪደሩን ጀመርኩ፣ የመጀመሪያውንም በር እንደ ባለቤት በልበ ሙሉነት ከፈትኩት። ቁም ሣጥን ነበር። የካውያ ጠረጴዛ ወጥቶ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። መልሼ ዘግቼ ሁለተኛውን ከፈትኩ። መኝታ ቤት ነበር። ከአልጋው በላይ የሚስቴ ወንድምና ሚስቱ በሙሽራ ልብስ፣ በር በሚያህል ፎቶ፣ ፊት ለፊት ይስቁብናል።

ሙሴው ፎቶውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ።

«እነዚህ እነማን ናቸው?»

«ዘመዶቻችን ናቸው፣ ጋሼ።»

«ከአልጋህ በላይ?»

 አልተቆጡም። «እንግዲህ አንተ ቀስ ብለህ ፈልገው፣ ሲገኝ ትጠራኛለህ» ብለው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። መጸዳጃው ሦስተኛው በር ነበር። ያዩትን ለማንም አልተናገሩም። ይህን ያወቅኩት ዓመቱን ሙሉ እንኳን ደስ ያለህ ስባል ስለ ከረምኩ ነው።

አንድ የሌለ ቤት ብዙ የሌለ ነገር ይወልዳል። ሲኒማ ራስ የታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ማኅበርተኛ አገኘኝ። «እንዴ፣ አንተም ትሰለፋለህ?» ሲለኝ «መኪናዬ ጋራዥ ገብታ» አልኩት። መኪና ኖሮኝ አያውቅም። በሌላ ቀን አሁንም ተሰልፌ ሲያየኝ «አልወጣችም እንዴ?» አለኝ። «ዕቃ አጥተውላት» አልኩ። ምን ዓይነት መኪና እንደ ሆነች ሳይጠይቀኝ ታክሲው ስለ ደረሰ አመሰገንኩ። ደግነቱ መንጃ ፈቃድ የለኝም፤ ቢኖረኝ እገጫት ነበር።

ዘንድሮ ከኔ በፊት የነበረው ባለ ተራ እኩያዬ ነው። ግቢው ውስጥ ድንኳን አስጥሎ፣ ቀይ ከረቫት ያሰሩ አስተናጋጆች አቁሞ ጠራን። ጽዋውን ሲያስረክበኝ ብርጭቆ በማንኪያ መታና ንግግር አደረገ።

«ከእንግዲህ ቤት ለቤት መዞሩን ብንተወውስ? ሴቶቻችንም ደከሙ። ደህና አዳራሽ ይዘን ወጪውን ለአሥራ ሁለት እንካፈል። በሚቀጥለው ወር በዚህ ወንድማችን አፓርታማ ስንገናኝ እንወስን።»

የብዙዎቹ ጭንቅላት ተነቃነቀ። አዳራሹ የኔ አቅም እንዳልሆነ ለማወቅ ወረቀትና እርሳስ አላስፈለገኝም። ጽዋውን ታቅፌ በታክሲ ስመለስ ነገሩን አገላበጥኩት። ዳግመኛ በውሰት ቤት ብጠራቸው ያለኝ እመስልና አዳራሹ ይጸድቃል፤ እኔም ከአባቴ ወንበር እነሣለሁ። በራሴ ቤት ብጠራቸው ዓመት ሙሉ ስዋሽ መኖሬ ይገለጣል፤ ያኔም ወንበሩ ላይ በምን ፊት እቀመጣለሁ።

ጽዋውን በማግሥቱ ሱቅ ወሰድኩት፤ ቤቱ ጠበበ ብዬ ለራሴ ነገርኩት እንጂ እውነቱ ከሚስቴ ዓይን ለማራቅ ነው። ክሩ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ከጎኔ ቦርሳ የሚሸጡ ሐጂ አሉ። የስልጤ ሰው ናቸው፣ ከአባቴ ጀምሮ ጎረቤታችን። ጥላ ፍለጋ ወደ ሱቄ ጎራ ሲሉ ጽዋውን አዩት።

«ደረሰብህ?»

«ደረሰብኝ፣ ሐጂ።»

«እንግዲያ ዘንድሮ ዳቦዬን አገኛለሁ።»

አልገባኝም። ሐጂ በርጩማዬን ስበው ተቀመጡ።

«አባትህ ማኅበር ሲደርስበት ለኔ ለብቻው አንድ ዳቦ ያስጋግር ነበር። ቄሱ ሳይባርኩት ይቀመጥልኛል፣ በማግሥቱ ጠዋት በእጁ ያመጣልኛል። እሱ ካለፈ በኋላ አንተ አስተላለፍክ፣ አስተላለፍክ። አምና ደገሰ ሲሉ ሰማሁ። ጠበቅኩ፣ የለም። ረስቶኝ ነው አልኩና ተውኩት።»

«ሩቅ ስለ ነበር ነው፣ ሐጂ» አልኩ።

«ቤትህ ከመቼ ወዲህ ነው የራቀ?»

የክር ጥቅሎቼን ማስተካከል ጀመርኩ። ሐጂ አዛን ሲሰሙ ደንበኛ ደጃቸው ቆሞ እያለ ሱቃቸውን ዘግተው የሚሄዱ ሰው ናቸው። ደንበኛው ወደ ቀጣዩ ሱቅ ሲሻገር ዞረው አያዩም። አርባ ዓመት ሙሉ ይህን አይቼ «ይህ ሰው በዚህ አካሄድ እንዴት ሳይዘጋ ቀረ?» ብዬ ስገረም ኖሬያለሁ። እኔ ግን በቀን አንዴ እንኳ ሳልዘጋ፣ ሩጫ ውስጥም ሳልገባ፣ ሩጫው ደክሞኛል። የሌሎችን ሩጫ ቆሜ እየሮጥኩ ነበር።

ሐጂ ሲወጡ ስልኬን አነሣሁና ለአሥራ አንዱም ደወልኩ፤ ቆይቼ እንዳልፈራ አንዱን ሳልጨርስ የሌላውን ቁጥር እያወጣሁ። «ሃያ አራት እኔ ቤት ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ የአባቴ ቤት። ዳቦ፣ ጠላና ንፍሮ ነው፤ ሌላ ነገር ስለሌለ በልታችሁ ኑ።» አብዛኞቹ ቀልድ መሰላቸው። ሙሴው «ደግ» ብለው ዘጉት። እኩያዬን ለመጨረሻ አስቀረሁት።

«አፓርታማውን ሸጥከው?» አለኝ።

«የኔ አልነበረም።»

«ኪራይ ነበር?»

«ውሰት ነበር። የሚስቴ ወንድም ቤት ነው።»

 የሴራሚክ ሳጥን ሲወርድ በስልኩ ይሰማኛል።

«አንተ ሰው» አለ በመጨረሻ፣ «እኔ አምና ከዚያ ቤት ወጥቼ ምን እንዳደረግኩ ታውቃለህ? በአንዲት ሱቅ ቁልፍ እየሸጠ፣ መጽሐፍ እያነበበ አራተኛ ፎቅ ወጣ፣ እኔ ምን ሆኜ ነው ብዬ ሳሎኔን አስፈርሼ እንደ ገና አሠራሁት። ድንኳኑንም ያስጣልኩት በእልህ ነው። ሚስቴ እስካሁን ትነተርከኛለች።»

«እኔ ምን አደረግኩህ?»

«ዋሸኸኝ፤ ሌላ ምን ታደርገኝ?» ብሎ ዘጋው።

እውነቱን ነው። እናቴ ብትሰማው ደስ ይላት ነበር ብዬ ማሰቤን ግን አልክድም፤ እሱም ቤት «እኩያህ» የሚባል ሰው ነበር፣ እኔ ነበርኩ።

በሃያ አራት ጠዋት ሚስቴ ሁለት ድፎ ዳቦና አንድ ትንሽ ለብቻው ጋገረች። ከጎረቤት አግዳሚ ወንበር ተበደርን፤ አግዳሚ መበደር በኛ ግቢ አያሳፍርም። እንግዶች ሊመጡ ሲሉ አንድ ፒክ አፕ መኪና መንገዱን ዘግቶ ቆመ። ሹፌሩ ከኋላ አንድ ሙክት አወረደ።

«ጋሼ፣ ከሴራሚኩ ጌታ ነው። ለማኅበሩ ይሁን ብለዋል።»

በጉ ወፍራም ነበር። ቀኑም የፍስክ ነው። የግቢው ሰው በሙሉ በሩ ላይ ቆሞ እኔን ያያል፣ በጉንም ያያል። በጉን ባርደው የማንም ሆድ አይጎድልም ነበር፤ የሚቀጥለው ወር ባለ ተራ ግን በግ ፍለጋ ይወጣል።

«ውሰድለት» አልኩት። «እግዜር ይስጥልኝ በለው።»

«መልሰህ አምጣ አላሉኝም እኮ።»

«እኔ አልኩህ።»

«ጋሼ፣ ይኼን በግ ሁለቴ ከመጫን እርስዎ ቢደውሉላቸው?»

«ጫነው።»

አንዲት ጎረቤታችን «ወይ እልህ፣ ለኛስ ቢተወው» አለች ጮክ ብላ። ሙክቱ ተመልሶ ተጫነ፤ ከሁላችንም ይልቅ የተረጋጋ እሱ ነበር።

ከአሥራ አንዱ ሰባት መጡ። ጉልበት ለጉልበት ተጋፍተን ተቀመጥን፣ በሩም እንደ ልማዱ አልተዘጋም። ሙሴው መጸዳጃውን ማንም ሳያሳያቸው ወጥተው ተመለሱ፤ ከኔ በፊት የሚያውቁት ግቢ ነው። ስለ አምናው ተነሥቼ ለመናገር አንድ ቃል ሳወጣ በእጃቸው አስቀመጡኝና «ሁሉም ሰምቷል፤ ዳቦው ይቆረስ» አሉ።

ዳቦው ተቆርሶ ጽዋው ሲዞር እኩያዬ በሩ ላይ ቆመ። ፊቱ ጠቁሯል።

«የሰው በግ ይመለሳል?»

«ደንቡን ታውቃለህ» አልኩ። «ግባ።»

«የት ልግባ? ቦታ የት አለ?»

አንዱ «እዚህ ጉልበቴ ላይ፣ የሳሎንህን ያህል ባይሰፋም» አለው፣ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እሱ አልሳቀም። የበሩ ደፍ ላይ በሱፉ ተቀመጠና ዳቦውን ተቀበለ። ጠላውን ቀምሶ «ቀጥኗል» አለ። እውነት ነው፣ ቀጥኖ ነበር። ሁለተኛ አስቀዳ።

የአዳራሹን ነገር እሱ ራሱ አነሣው። ሙሴው «መጀመሪያ የሚቀጥለው ባለ ተራ ይናገር» አሉ። ቀጣዩ ባለ ተራ የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነው፤ ዝምተኛ፣ ልክ እንደኔ ሁለት ጊዜ ያስተላለፈ ሰው። በሦስተኛው ወንበሩን ሊለቅ ተዘጋጅቶ እንደ ነበር አላውቅም ነበር። ተነሥቶ እጁን በሱሪው ጠረገና ጽዋውን በሁለት እጁ ከኔ ተቀበለ።

«የኔ ቤት አንድ ክፍል ናት» አለ። «አግዳሚውን ከዚህ እወስዳለሁ።»

የአዳራሹ ጉዳይ ሳይወሰን ተበተንን። እኩያዬ «እናየዋለን» ብሏል፤ ያልመጡት ሦስቱም ከሱ ጋር ሊሆኑ ይችላሉ። ሲወጣ በጣሪያው ላይ ያለውን የውኃ ምልክት በጣቱ አሳየኝ።

«ይኼን ለምን አታሠራውም?»

«አሠራዋለሁ።»

«መቼ?»

«ስደርስበት።»

በማግሥቱ ጠዋት ትንሿን ዳቦ ለሐጂ ወሰድኩላቸው። ገልብጠው ሥሩን በጣታቸው ቆረቆሩ። «ትንሽ አርሯል» አሉና ቆርሰው በሉ። ካርቶኑን ከግድግዳዬ አወረድኩት። ተረቱን ስለማውቀው ማንበብ አያስፈልገኝም።

ድኛለሁ አልልም። አሁንም የእኩያዬ መኪና ሲያልፍ አንገቴ ይዞራል። አንገት ነው፣ ይዙር። እግሬ ግን አይከተለውም። የውሰት ቁልፍ ዳግመኛ ኪሴ ውስጥ አይገባም፤ ወንበሩንም እንደ አባቴ፣ በዳቦና በቀጠነ ጠላ እይዘዋለሁ። እናንተ እንደ ፈለጋችሁ ኑሩ። እኔን ግን ልትጠሩኝ ካሰባችሁ ቤታችሁ ጥሩኝ፤ ጠባብም ቢሆን፣ ቢያፈስም። የሰው ቤት ከሆነ አትደውሉልኝ።